ዘሪቱ በር ላይ የምትጠይቀው

ዘሪቱ ወልደየስን የማያውቅ የእድራችን አባል የለም። ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ ወዳጆቿ ተመለከተ፤ እጄን ያነሣሁት ግን እኔ ነኝ። ወዳጅ የሚወደውን ሰው ሲያይ ብዙ ነገር ይዘልላል። እኔ በዘሪቱ ላይ ስድስት ዓመት ያህል ቀንቻለሁ፤ የቀና ሰው ደግሞ ምንም አይዘልልም። ስለዚህ ከእኔ አብልጦ የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም።

የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ሦስት ዓመት ቆየች። ከዚያ ሮም ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ የገባችው በፈረንጆች 1992 በኅዳር ወር ነው። መጀመሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠበች፤ በኋላ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ካለ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ተቀጠረች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ወገብ ትለቃለች። ባሏ ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ማክዳ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት፤ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ኤርድሪ በምትባል ከተማ ትኖራለች፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት።

ዘሪቱ አቢዴል ሰፈር ባለች ትንሽ ቤቷ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ብቻዋን ነው ስል ግን በወረቀት ነው፤ ከበሯ ፊት የሰው መኪና ታጥቶ አያውቅም። እኔ ከእሷ ሦስት መንገድ አልፌ ነው የምኖረው። ከእኔ በር ፊት መኪና ከቆመ ፒዛ አድራሽ ቤት ተሳስቶ ነው።

እሷ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እድሩ ግን የሁላችንም ነው፤ ሞት የማንንም ሃይማኖት ጠይቆ አይመጣም። በእድሩ ውስጥ ዘሪቱ የታመመና ያዘነ ሰው የምትጠይቅ ናት። ሥራውን የሰጣት ሰው የለም፤ እሷ ስትሠራው ቆይታ በኋላ ጠያቂ የሚል ስም አወጣንለት።

የእሷን መንገድ ልናገር። አንድ ጊዜ ሱሪዬን ላሳጥር ሱቋ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። አንድ ፈረንጅ መጣ። ኮት ሰጣት፣ እጅጌውን ለካችው፣ ቀን ተነጋገሩ፣ ደረሰኙን ይዞ ወጣ። ዘሪቱ ባንኮኒውን ዞራ እስከ በሩ ተከተለችውና አንድ ቃል ጠየቀችው። ሰውየው እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ኮቱ ለአባቱ ቀብር እንደሆነ፣ አባቱ ገና እንዳልሞተ፣ ግን ሐኪሞቹ እስከ ዓርብ እንዳሉት ነገራት። ሲሄድ ምን ብላ እንደ ጠየቀችው ጠየቅኋት።

«ሌላስ? ነው ያልኩት» አለችኝ። «ጋሼ ታደገ፣ ሰው የመጣበትን ነገር የሚናገረው ሲወጣ ነው። ባንኮኒው ላይ የሚያወራው ስለ ሱሪ ነው።»

ይህን በሁሉም ቦታ ታደርገዋለች። እቤቷ የመጣን እንግዳ በር ላይ አትሰናበትም፤ ሃያ አምስት ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢሆንም ነጠላ ጫማ አድርጋ እስከ መኪናው ትሸኛለች። የመኪናው መስኮት ይወርዳል፣ እሷ ክርኗን ታስደግፋለች፣ እውነተኛው ወሬ ያኔ ይጀመራል። ይህ ሁላችንም የምናውቀው የሽኝት ደንብ ነው፤ እኛ ግን ለወግ ያህል እናደርገዋለን፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች።

ኑሃሚን የምትባል የእድራችን አባል አንድ ቀን በእድሩ መዝገብ ላይ ስልክ ቁጥሯን ላስተካክልላት እቤቴ መጣች። ሻይ አፈላሁላት፤ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ስለ በረዶው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት አወራን። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። በሳምንቱ እሷው ራሷ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ያን ቀን ከእኔ ወጥታ መንገድ ላይ ከዘሪቱ ጋር ተገናኝታ፣ ከሥራ ከተቀነሰች ሁለት ወሯ መሆኑን እዚያው ቆማ ተናግራለች። ዘሪቱም በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ሥራ አፈላልጋ አስገብታታለች። ሥራ በማግኘቷ ደስ ብሎኛል። ግን ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነበርሁ።

አሁን ወደ እድሩ ድረ ገጽ ልምጣ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ደመወዝ የምቀበለው በአውራ ጣት ነበር። መጻፍ ከቻልሁ በኋላ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ሙሉ ስሜን ሳልፈርም ከእጄ ወጥታ አታውቅም። ኮምፒውተር ደግሞ የተማርሁት በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቤተ መጻሕፍት እየሄድሁ፣ ያለ አስተማሪ ነው። የእድሩን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ደንባችን፣ የኮሚቴው ስልክ ቁጥሮች፣ የኀዘን ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ቀን ሁሉ እዚያ አለ። ስሕተት እንዳይኖርበት እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ገጹ ስንት ሰው እንደገባና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይነግረኛል። ብዙው ሰው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣል፤ በር ተሳስቶ እንደከፈተ ሰው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ዘሪቱ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሰው ከገጹ ሊወጣ የኮምፒውተሩን ቀስት ወደ መዝጊያው ሲወስድ፣ አንዲት መልእክት ብቅ ብላ የመጣበት ጉዳይ እንዳለ ብትጠይቀውስ? ማክዳ ይቻላል ብላታለች፤ ፖፕ አፕ ይሉታል።

እንደሚቻል አውቃለሁ፤ አልፈልግም አልኋት። ምክንያቴንም ነገርኋት። አንድ ጊዜ የክረምት ጫማ ልይ ብዬ አንድ የሱቅ ድረ ገጽ ገብቼ ነበር። ዋጋውን አይቼ ልወጣ ስል አንድ ሰሌዳ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ቅናሽ እንስጥዎ፣ አድራሻዎን ያስገቡ ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «አይ፣ ብዙ መክፈል ደስ ይለኛል» የሚል ተጽፏል፤ ካልነካሁት አያስወጣኝም። እኔ ደግሞ የማላምንበትን ቃል ብያለሁ የማልል ሰው ስለሆንሁ ያንን ነክቼ መውጣት አቃተኝ። አድራሻዬን ሰጠሁ። እስከ ዛሬ ስለ ጫማ የሚጻፍልኝን ደብዳቤ ያህል ከዘመድ ተጽፎልኝ አያውቅም። እንግዳን በነጠላው ጫፍ ይዞ ማስቀረት ነውር ነው አልኋት።

ምክንያቴ እውነት ነበር። ከምክንያቴ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ በር ላይ መጠየቅ የእሷ ነው፣ ገጹ የእኔ ነው። በሮቹን ሁሉ ይዛ ይችንም ልትጨምር ነው ብዬ አሰብሁ።

ዘሪቱ አልተከራከረችኝም። ከማክዳ ጋር ሆና ለጠያቂነት ሥራዋ የራሷን ትንሽ ገጽ ከፈተች። አንድ ፎቶግራፍና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው፣ ሲያዩት የማያምር ነገር ነው። ሊወጡ ሲሉ ግን ይጠይቃል። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጻፈላት። እኔ ገጹን በያዝሁባቸው ሦስት ዓመታት የጻፈልኝ አራት ሰው ነው፤ ከእነሱም ሁለቱ ስልክ ቁጥር ተሳስቼ ማስገባቴን ሊነግሩኝ ነው።

የእድራችን ሊቀ መንበር ሞላልኝ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ሁለት ገጽ ሰው ያደናግራል፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተነጋግረን አንዱን እንያዝ፣ አንዱ ይዘጋ አለ። ጥያቄውም ግልጽ ነበር፤ የእድሩ ገጽ የሚወጣን ሰው ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ? ይጠይቅ ከተባለ የእኔ ይዘጋል።

ስብሰባው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ የዘሪቱን ገጽ ከፈትሁ። ስሕተቷን እየለቀምሁ ልመዘግብ ነው። ሦስት የፊደል ግድፈት አገኘሁ፤ ደስ አለኝ። ፎቶግራፉም የተንጋደደ ነው፤ ጻፍሁት። ከዚያ ልወጣ ቀስቷን ወደ ላይ ወሰድሁ። መልእክቷ መጣች።

«መሄድዎ ነው? የመጡበት ጉዳይ ካለ እዚህ ይጻፉ። ከሌለም በደኅና ይግቡ።»

ከሥሩ ሁለት ሰፋ ያሉ አዝራሮች አሉ። አንዱ «ልጻፍ» ይላል፣ አንዱ «ደኅና ሁኑ»። ደኅና ሁኑ ብዬ መውጣት እችል ነበር፤ የሚያሳፍር ቃል አላስቀመጠችበትም። ግን በሕይወቴ ሰው በር ላይ ጠይቆኝ ዝም ብዬ ወጥቼ አላውቅም። ቢያንስ ምንም ጉዳይ የለኝም ልበላት ብዬ ጻፍሁ። «ጉዳይ የለኝም። ገጽሽን ለማየት ነው የመጣሁት» አልሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

እጄ ቀጠለ። የቀኝ ዓይኔ ከሰኔ ጀምሮ መሐሉ ላይ ጠቁሯል። ሰው ሳይ ጆሮው ይታየኛል፣ ፊቱ ይጠፋል። ግራውም እየተከተለው ነው። ፊደሉን በጣም አተልቄ ነው የማነበው፤ እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ የማነበው አሁን ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሐኪም ሐሙስ ቀጥሮኛል፣ መኪና እንዳልነዳ ተነግሮኛል፣ ለማንም አልተናገርሁም፤ ከተናገርሁ ገጹን ይወስዱብኛል። ይህን ሁሉ ጻፍሁ። ከታች እንደ ልማዴ ሙሉ ስሜን ፈርሜ ላክሁት።

ከላክሁት በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ገጼን ልትወስድ ለመጣች ሴት ገጹን የሚያስወስድብኝን ነገር በእጄ ጽፌ፣ በስሜ ፈርሜ ሰጠኋት።

ማታውን ስልክ ስጠብቅ አመሸሁ፤ አልደወለችም። በማግስቱ በሥራ እረፍቷ ላይ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላበዛችም።

«ጋሼ፣ የሐሙሱ አፖይንትመንት ስንት ሰዓት ነው?»

አሥር ሰዓት ከሠላሳ በእነሱ አቆጣጠር አልኋት። ሺፍቷን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተለዋውጣ መጣች። በመንገድ ሁሉ ስለ ገጹ ታነሣለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ስለ ማክዳ የኤርድሪ መንገድ መጨናነቅ አወራች። ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠበቀችኝ። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በየወሩ መርፌ እየተወጋሁ ማቆየት እንደሚቻል ነገረኝ። ስንመለስ እጄን ይዛ በረዶውን አሻገረችኝና እስከ ቤቴ በር አደረሰችኝ። አሁን ትጠይቀኛለች አልሁ። አልጠየቀችኝም፤ የመጣሁበትን አስቀድሜ ተናግሬአለሁና።

ሰው ደግ ሲደረግለት ልቡ ይለሰልሳል ይባላል። የእኔ አልለሰለሰም። ምስጢሬን ይዛ እንኳ ትንሽ ብትኩራራብኝ በቀለለኝ ነበር።

ስብሰባው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እኛው ሰፈር አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ በደንብ ተናገርሁ። ሰው ሲመጣ ግቡ እንደምንል፣ ሲሄድ ደግሞ መርቀን እንደምናሰናብት፣ ሊወጣ የተነሣን ሰው በሩ ላይ ተገትሮ ወዴት ነው የሚለው ዘበኛ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። የጫማውን ታሪክ ስነግራቸው አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ተነሥቶ በእሱ ስልክ ላይ እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ መዝጊያው ከጣቱ በታች ጠፍቶ ስልኩን ሊወረውር እንደነበር ጨመረ። ሌላዋ ደግሞ እድሩም እንደ ሻጭ ሊለማመጠን ነው ወይ አለች። ብዙ ራስ ወደ እኔ ሲነቀነቅ ይታየኝ ነበር፤ ፊታቸው ባይታየኝም።

ዘሪቱ ተነሣች። ንግግር አታውቅም፤ እጇን የምታደርግበት ይጠፋታል።

«ዘበኛ ያስቆማል» አለች። «እኔ አላስቆምኩም፣ አብሬ ነው የምወጣው። መሄድ የፈለገ ሰው አንዴ ነክቶ ይሄዳል። ሱቁ የሚጠይቀው ለራሱ ብሎ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ለእሱ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሞላልኝ ጥሩ ሰው ነው፤ እውነቱን ሊያወጣላት ፈለገ። አንድ ምሳሌ ስጪን አላት። ስልክ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በስልክ የማይናገረውን እዚያ ሳጥን ላይ የሚጽፍ ሰው በእውነት አለ ወይ? ስም አትጥሪ፣ ነገሩን ብቻ ንገሪን አላት።

«አይሆንም» አለች።

«አንድ እንኳ፣ እትዬ ዘሪቱ? ሰው ምን ብሎ ይመን?»

«ስም ባልጠራም ሰውየው ራሱን ያውቃል። በር ላይ የነገረኝን አዳራሽ ይዤ አልገባም።»

ተቀመጠች። አዳራሹ አጉረመረመ። ነገሩ አለቀ፤ ምሳሌ የሌለው ነገር አያሸንፍም። ገጹ የእኔ ሊሆን ነው፤ ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ሰዎች በኋላ ደግነት ነው ብለው አመስግነውኛልና። ደግነት አልነበረም። ተቀምጬ ሳስበው፣ እኔ ገጹን ይዤ እወጣለሁ፤ እሷ ግን የሰው ምስጢር ጠብቃ ተሸንፋ ትወጣለች። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ባየኋት ቁጥር ከእኔ ትበልጣለች፤ እኔም እንደምትበልጠኝ አውቃለሁ። ገጹን ልትወስድብኝ ትችላለች፤ ያንን ብልጫ ግን ልተውላት አልቻልሁም።

ተነሣሁ።

«ምሳሌው እኔ ነኝ» አልሁ።

ሞላልኝ አልገባውም፤ ምን ማለትዎ ነው ጋሼ አለኝ። ስሕተቷን ልለቅም ገብቼ፣ ስወጣ ተጠይቄ፣ ለወንድሜም ለንስሐ አባቴም ያልተናገርሁትን እንደጻፍሁ ነገርኋቸው። ስለ ዓይኔም ተናገርሁ። አሁን እዚህ ቆሜ የአንዳችሁም ፊት አይታየኝም አልሁ። ማንም አልሳቀም። ዘሪቱ አቀርቅራ ነበር ብለውኛል።

ድምፅ ሲሰጥ ብዙው ለእሷ ሆነ። ከዚያ ሞላልኝ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ገጹን እትዬ ዘሪቱ ትያዝልዎ?» አለኝ። ትያዝ አልሁ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። መልእክቷ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ከአንዴ በላይ አትምጣ። መዝጊያው ዓይኑ የደከመ ሰው የሚያየው ይሁን። የሚያሳፍር ወይም የሚያባብል ቃል አይጨመርባት። የተጻፈውንም ከጠያቂዋ በቀር ማንም አያንብብ፣ እኔም ብሆን። ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፍሁት። የእኔ ይዘጋል የተባለውም ተለውጦ፣ እሷ የምትይዘው እኔ የሠራሁት ገጽ እንዲሆን፣ ጥያቄዋ ወደ እሱ እንድትገባ፣ ያ ፎቶግራፉ የተንጋደደው የእሷ ገጽ እንዲዘጋ ሆነ። ጭብጨባው ግን ለእሷ ነበር።

በሳምንቱ እቤቴ መጥታ አሠራሩን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማስታወቂያ ማስገባት አታውቅም፣ ፎቶግራፍ ማቃናት አታውቅም፣ ሁለት ጊዜ አስተምሬያት ሁለቴም አጠፋችው። እንዲህ ዓይነት ደስታ ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ታግሼ አስተማርኋት፤ ብዙም አልታገሥሁም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለመርፌ ትወስደኛለች። ባለፈው ወር በመንገድ ላይ ገጹ እንዴት ነው አልኋት። ደኅና ነው፣ በዚህ ወር አሥራ አንድ ሰው ጽፏል አለችኝ። አሥራ አንድ። እኔ በሠራሁት ገጽ ላይ፣ በእኔ ፊደል።

«እነማን ናቸው?» አልኋት።

መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

«ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ» አለችና ነዳች።